የአያ ወልዴ ዳጉሳ

ሰቆጣ ባጃጅ ከገባባት ወዲህ ጉልበቴና ምላሴ ሥራ ተከፋፍለዋል። ጉልበቴ ዳገቱን እምቢ ይላል፣ ምላሴ ደግሞ ከባጃጅ ልጆች ጋር በዋጋ ሲነታረክ ይውላል። ባለፈው መስከረም እንደ ልማዴ ካንዱ ጋር ስጨቃጨቅ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ያሰረች ሴት ከኋላዬ መጥታ፣ «ጋሼ፣ እርስዎ ግብርናው አይደሉም?» አለችኝ። በዚህ ስም የሚጠራኝ ሰው ካጣሁ ብዙ ዘመን ሆኖኛል። ድሮ ገበሬው «የልማት ሠራተኛ» የሚለው ስም ስለሚረዝምበት፣ እኔን በደፈናው «ግብርናው» ይለኝ ነበር። «ግብርናው መጣ» ይላሉ፤ ልጆች ይሸሻሉ፣ ውሾች ይጮሃሉ፣ ያላረመ ገበሬ ማጭዱን ይፈልጋል። ዘወር ብዬ አየኋት። «ጥሩ እባላለሁ፤ የወልዴ ልጅ፣ የቁልቋል በሯ» አለችኝ። አገላብጬ ሳምኳት። የሳቀው ግን ፊቴ ነው፤ ሆዴ አልሳቀም።

«እግዜር ነው ያገናኘን፤ የምጠይቅዎ አለኝ» ብላ ጥግ ካለችው ሻይ ቤት አስገባችኝ። ስንት ዓመት ዓረብ አገር ቆይታ ተመልሳ፣ የአባቷን ማሳ በተቀጣሪ አራሽ እያሳረሰች መሆኑን ነገረችኝ። ኮምፖስት መሥራት ከጀመረች ሦስት ዓመቷ ነው። ለአገሬው የማይታመን ነገር ነው እንጂ፣ እሷስ አፈሩን መዳፏ ላይ የያዘች ይመስል ነበር የምታወራው፤ እንዴት እንደለሰለሰ፣ ዝናብ ሲመታው እንዴት እንደማይሸሽ፣ ትሉ እንዴት እንደተመለሰ። «ዳጉሳው ፍሬ አለው ጋሼ፣ አይካድም። ግን አባቴ በመጀመሪያው ዓመት ያበቀለው፣ ያ እንግዶች ሊያዩት የመጡት፣ እንደሱ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖልኝ አያውቅም። አባቴ በዓል ስለሻረ በረከቱ ተወሰደበት ይላሉ። እኔ አንድም በዓል አልሻርኩ። ታዲያ ምን ጎድሎብኝ ነው?» አለችኝ። የዚያን ዓመት ምስጢር በዚህ ምድር ላይ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ፊት ለፊቷ ተቀምጦ ስኳር ያማስላል።

ያን ጊዜ፣ መንግሥት ከተቀየረ ጥቂት ክረምት እንዳለፈ፣ ሻይ በስሙኒ ነበር። ይህች አሁን የተቀመጥንባት ሻይ ቤት ያኔ ጣሪያዋ ሣር፣ አግዳሚዋ የባሕር ዛፍ ግንድ ሆኖ፣ ባለቤቷ ብርጭቆ እስክታጥብ ተራ ጠብቀን ነበር የምንጠጣው። ማዕዘኑ ላይ አንድ ካሴት ሻጭ ነበር፤ ባትሪ እንዳያልቅበት አንዱን ዘፈን እስከ ግማሽ አሰምቶ ያቆመዋል፣ ቀሪውን የፈለገ ካሴቱን ይግዛ። ስንት ዘፈን አለ መጨረሻውን ሳላውቀው የቀረ። እኔ ያኔ ወጣት ነኝ፤ ፋሽኑ አዲስ አበባ ላይ ሞቶ ከተቀበረ በኋላ ሰቆጣ የደረሰ፣ ከታች ሰፊ የሆነ ቴትሮን ሱሪ አለኝ። ሱሪውን የምለብሰው ከተማ ስወጣ ነው። ቁልቋል በር፣ የተመደብኩባት መንደር፣ በእግር የሦስት ሰዓት መንገድ ናት፤ ለእሷ ካኪ ሱሪና ኮንጎ ጫማ ይበቃል። ኮንጎ ጫማ ደግ ነው፣ ወንዝ ስትሻገር ይታጠባል፣ ሲቀደድ በጋለ ቢላ ይጠገናል፣ በሐሩር ግን እግርን ይቀቅላል። ዛሬ ዕድሜ ለልጄ፣ ለስላሳ ጫማ ገዝታልኛለች፤ መሄጃው ነው የጠፋኝ።

አያ ወልዴን ያገኘኋቸው በዚያ ኮንጎ ጫማ ነው። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ሲናገሩም ቃላቸውን እንደ ዘር መርጠው የሚጥሉ ሰው ነበሩ። ከሚስታቸው ከእማ ስንዱ ጋር ሲሆኑ በአገውኛ ያወራሉ፣ እኔ ስመጣ ወደ አማርኛ ይመለሳሉ፤ እማ ስንዱ ግን የማይጥማቸው ነገር ሲሆን ሆን ብለው በአገውኛው ይቀጥላሉ፣ እኔም ከፊታቸው እረዳዋለሁ። ወንዙ ዳር አንድ ደህና ማሳ ነበራቸው፤ ቀሪው መሬታቸው ጎረምሳ የሚያክል ድንጋይ የተኛበት ዳገት ነው። የዚያን ዓመት ከበላይ የመጣልን ትእዛዝ «ኮምፖስት» የሚል ነበር። መሬቱ ደክሟል፣ ማዳበሪያ በዕዳ የሚወስድ ገበሬ የለም፣ ስለዚህ ፍጉን፣ ገለባውን፣ አመዱን፣ ቅጠሉን በጉድጓድ አብስለህ ለመሬቱ መልስለት። ነገሩ እውነት ነበር። ዛሬም እውነት ነው። ይህን የምለው በኋላ ያደረግሁትን ያየ ሰው ኮምፖስቱን ራሱን ውሸት እንዳያደርገው ነው።

ግን በእኛ አገር ፍግ ማለት ኩበት ነው፣ ኩበት ማለት እሳት ነው። እማ ስንዱ ይህን ከማንም ቀድመው አዩት። «መሬቱ ይጥገብ አልክ፤ እኛስ ጥሬ ልንበላ ነው?» አሉኝ። «አንድ ዓመት ብቻ ይታገሱ፣ እማ» አልኩ። አያ ወልዴ ሦስት ጉድጓድ ቆፈሩ። ከብቶቻቸው የጣሉት ሁሉ ወደ ጉድጓዱ ገባ። ማገዶው በልጃቸው በጥሩ ጀርባ ላይ ወደቀ፤ አሥራ ሁለት ዓመት ቢሞላት ነው፣ ከትምህርት ቤት መልስ ገደሉን ወርዳ ጭራሮ ትሸከማለች። አያ ወልዴ በየሳምንቱ ረጅም ዱላ ክምሩ ውስጥ ይሰኩና ነቅለው መዳፋቸው ላይ ያሳርፉታል። ዱላው ሲሞቅ እየበሰለ ነው ማለት ነው። እንዲህ ብዬ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ፣ እሳቸው ግን ከእኔ በላይ አወቁበት። ሲሞቅ ፊታቸው ይበራል፣ «ይኸው ልጄ፣ ትኩሳት አለው» ይሉኛል።

ሰኔ ገባ፣ ዝናቡም ቀድሞ መጣ። ክምሩ ገና አልበሰለም ነበር። ገለባው እንደ ገለባ ይታያል፣ እንዳለ ነው። አያ ወልዴ «አንድ ወር ይቆይና ለሚቀጥለው ዓመት እናድርገው» አሉ። እኔ ግን ሪፖርት ጽፌ ልኬያለሁ፤ በሪፖርቱ ላይ ኮምፖስቱ ማሳ ላይ ወጥቷል። ያውም የቀረው ቀን የሰኔ ሚካኤል ዋዜማና ሚካኤል ራሱ ብቻ ሆነ፤ ከዚያ ወዲያ ዳጉሳው ካልተዘራ እርጥበቱ ያመልጣል። በዓሉን እንዲሠሩ ለምኜ አግባባኋቸው። እንዲህ ያለውን ቃል ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም፤ «አያ፣ በዓል የሚሻረው በማረሻ ነው። በሬ አልጠመዱ፣ ሞፈር አልያዙ፤ ፍግ ተሸክሞ መበተን ሥራ አይባልም» አልኳቸው። ሰውዬው ቅዳሴ አስቀድሰው መጡ፣ ነጠላቸውን አጣጥፈው ድንጋይ ላይ አኖሩ፣ ሦስት ጊዜ አማተቡ፣ ከዚያ ቅርጫቱን አነሱ። እማ ስንዱ የዚያን ቀን ከቤት አልወጡም።

ያልበሰለ ኮምፖስት መሬት ላይ ሲጣል ለመብሰል የሚያስፈልገውን ምግብ ከአፈሩ ይበላል። ይህን ትምህርት ቤት ተምሬው ነበር፤ በፈተና ላይ ጽፌ ነጥብ አግኝቼበታለሁ። ሐምሌ መጨረሻ ላይ የአያ ወልዴ ዳጉሳ ከጎረቤቱ ማሳ ሁሉ ቢጫ ሆነ። ወባ የያዘው ሰው ነው የሚመስለው። በዚያው ሰሞን እንግዶች ሊመጡ ነው ተባለ። የበላይ ኃላፊዎች፣ ፎቶ አንሺ፣ ከሌላ ወረዳ የሚመጡ ገበሬዎች፣ ሁሉም የኮምፖስቱን ማሳ ሊያዩ። እኔ ራሴን ያዝኩ። አያ ወልዴ ግን፣ «መሬት ቸኩሎ አያውቅም፣ ያላትን ታሳያለች፤ እንግዳም ያየውን ይይ» አሉኝ። ያን ቀን ቃላቸውን ሰምቼ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ባልጻፍኩ።

ማክሰኞ የሰቆጣ ገበያ ነው። ቁልቋል በር ማክሰኞ ባዶ ናት፤ የቀረ አሮጊትና ዶሮ ነው። ደመናው ተቋጥሮ ዝናብ ሊጥል ሲል፣ ከመሥሪያ ቤታችን ዕቃ ቤት ነጩን ማዳበሪያ፣ ዩሪያውን፣ በጆንያ ተሸክሜ ወረድኩ። ነጩ እንደ ስኳር ነው የሚመስለው፣ እጅ ላይ ይቀዘቅዛል። በአያ ወልዴ ማሳ ላይ፣ መስመር መስመሩን፣ በተንኩት። ብዙ ነበር፣ ከሚገባው በላይ፣ ምክንያቱም ቸኩዬ ነበር። ስጨርስ ዝናቡ ወረደና ሁሉን አሟሟው። ማንም አላየኝም። እየዘነበብኝ በዳገቱ ስመለስ ደስ ብሎኝ እንደነበር ባልናገር ውሸቱን እጨምረዋለሁ፤ እያፏጨሁ ነበር።

በሁለት ሳምንት ውስጥ ማሳው ጠቆረ። እንግዶቹ መጡ፣ መኪናቸው መንገዱ እስካለበት ደርሶ ቀሪውን በበቅሎና በእግር። የአያ ወልዴ ዳጉሳ ከወገብ በላይ ሆኖ ነበር። ኃላፊው ንግግር አደረጉ፤ «ያለ ዩሪያ፣ ያለ ዳፕ፣ በፍግ ብቻ» አሉ፤ ሰው አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። አያ ወልዴ ሬዲዮና የምስክር ወረቀት ተሸለሙ። ወረቀቱን ቤታቸው ውስጥ ከሚካኤል ሥዕል ጎን ሰቀሉት። እኔን ደግሞ ወደ ሰቆጣ ቢሮ አሳደጉኝ። ቴትሮን ሱሪዬን በየቀኑ መልበስ የጀመርኩት ያኔ ነው።

ኅዳር ላይ አጨዳ ሲደርስ አንድ ቀን ሄጄ ነበር። ያ ሁሉ ቁመት በነፋስ ተኝቶ ነበር። ዳጉሳ ሲያምርበት ጣቶቹን እንደ ጡጫ ይጨብጣል፤ የሳቸው እጁን የዘረጋ ለማኝ ሆኖ ነበር፣ ፍሬው ቀሊል። ከአጨዳ በኋላ ዳግም ስሄድ እማ ስንዱ ዱቄቱን አቡክተው፣ «ውሃ አይጠጣም ይኸ እህል። ጠላውም አልያዘልኝም። ቅጠሉ ነው እንጂ ያማረው ሆዱ ባዶ ነው» አሉኝ። ዓይኔን ዓይናቸው ላይ ማሳረፍ አቃተኝ። አያ ወልዴ ግን፣ «የዘንድሮው ገና ጀማሪ ነው፣ ሲለምድ ይሻለዋል» አሉ፣ ለኮምፖስቱ ተከራክረው።

በሚቀጥለው ዓመት የመንደሩ እኩሌታ ጉድጓድ ቆፈረ። ያን አረንጓዴ ዓይተዋላ። ሴቶቹ ሁሉ ኩበታቸውን ለመሬት ሰጥተው ለማገዶ ገደል ወረዱ። እኔ ሰቆጣ ነኝ፤ ነጩን የሚበትንላቸው የለም። ዳጉሳው እንደ ወትሮው ሆነ፣ ደህና ብቻ። ታግሠው ቢቆዩ በሦስተኛው ዓመት መሬቱ ራሱ ይነግራቸው ነበር፤ ግን ተአምር የጠበቀ ሰው ደህና ነገር አያጠግበውም። በዚያ ላይ መስከረም ውስጥ የቁልቋል በርን ሸንተረር በረዶ መታው። በረዶ ሲወርድ በእኛ አገር የመጀመሪያው ጥያቄ «በዓል የሻረ ማነው?» ነው። ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ፣ ቤት ለቤት ሊጣራ ሆነ። አያ ወልዴ ጥያቄው እስኪደርሳቸው አልጠበቁም። ከመሀል ተነሥተው፣ «አትድከሙ፣ እኔ ነኝ። በሰኔ ሚካኤል ፍግ አውጥቻለሁ» አሉ። የእኔን ስም አላነሱም። ግብርናው አሻረኝ ማለት ይችሉ ነበር እኮ፤ አላሉም።

ይህን የሰማሁት ከራሳቸው አፍ ነው። አንድ ማክሰኞ ቢሮ ተቀምጬ ሳለ ገቡ፣ ሬዲዮውን በነጠላ ጨርቅ ጠቅልለው። ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩት። «ልጄ፣ ይህ ለእኔ አይገባኝም። የመጀመሪያው ዓመት ልምላሜ መልአኩ የፈተነኝ ነው። አይቼ እንድነቃ አሳየኝ፣ አልነቃሁም፣ ወሰደብኝ። ጎረቤቶቼም በእኔ ጦስ ተመቱ» አሉኝ። ለንስሐ አባታቸው ተናዝዘው የወንዙን ዳር ማሳ ለሚካኤል ሰባት ዓመት ሰጥተዋል፤ አይታረስም፣ አይዘራበትም፣ ሣሩ ለቤተ ክርስቲያኑ ክዳን ይሆናል። ደህናውን ማሳ። ሊበሉበት የሚችሉትን ብቸኛውን። ነገሩ ምላሴ ጫፍ ላይ መጣ። «አያ፣ መልአክ አይደለም፣ እኔ ነኝ» ማለት ነው፣ ስድስት ቃል አይሞላም። ነገር ግን አለቃዬ ከጎን ክፍል ይሰማል፣ ዕድገቴ አዲስ ነው፣ ልታገባኝ ያለች ልጅ አለች። ምን አልኩ? «እግዜር መሐሪ ነው፣ አያ፣ ይቅር ይላል» አልኩ። ለእኔ ኃጢአት እሳቸውን ይቅር አሰኘኋቸው። ሬዲዮውንም ተቀበልኩ። ቤቴ ወስጄ ዓመታት ዜና ሰማሁበት።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። የእኔስ ስንቁ ነው የቀለለ፤ ውሸቱ እያደር ከበደኝ። ማሳው ሳር ለብሶ በተቀመጠባቸው ዓመታት አያ ወልዴ በዳገቱ ድንጋይ ላይ ገብስ ሲያርሱ አረጁ። ጥሩ ስምንተኛ ክፍል ላይ አቋረጠች፣ ቆይታም በደላላ ዓረብ አገር ሄደች። ሰባቱ ዓመት ሳይሞላ አያ ወልዴ ዐረፉ፤ ቀብራቸው ላይ አልተገኘሁም፣ ስብሰባ አለብኝ ብዬ። ሰባቱ ሞልቶ ማሳው ሲታረስ ዳጉሳው ጣቱን ጨብጦ፣ ፍሬው ከብዶ፣ ጎተራ ሞላ። አገሬው «ሚካኤል ታረቀ» አለ። እኔ ግን ያወቅሁትን አወቅሁ፤ መሬቱ ሰባት ዓመት ዐረፈ፣ ሥሩ በሰበሰ፣ ሣሩ ከታጨደ በኋላ የሚገባው ከብት ፍግ ሳይለቀምበት ቀረ፣ ጤናው ተመለሰ። ቀስ ብሎ ይሆን የነበረውን ነገር እኔ በአንድ ጆንያ ላቸኩለው ብዬ ነው አንድ ቤት ያፈረስኩት።

ይህን ሁሉ ለጥሩ በዚያች ሻይ ቤት ነገርኳት። አንድም ቃል አላስቀረሁም፣ ፉጨቴን ጭምር። ሁለት ጊዜ ስኳር ወደ ማማሰሉ ተመልሼ ነበር፣ ሁለቱንም ጊዜ «ይቀጥሉ» አለችኝ። ስጨርስ ሻይዋ ላይ ስስ ሽፋን ሠርቶ ነበር። «እኔ ጭራሮ የተሸከምኩት ለዩሪያ ነው?» አለች። ብርጭቆዋን ወደ መሀል ገፋችው። «አባቴ ሳያውቅ ነው የሞተው?» አለች። «አዎ፣ ሳያውቁ» አልኳት። ቀና ብላ አላየችኝም። «መንደር ውስጥ እስከ ዛሬ የበዓል ሻሪ ልጅ ነኝ። ለእኔ መንገርዎ ለእኔ ብቻ ነው። ለእነሱም ይንገሩልኝ። ለኅዳር ሚካኤል ይምጡ» አለችኝ። ላለመምጣት ምክንያት ፍለጋ ጀምሬ ነበር፤ ጉልበቴን ልጠቅስ ስል ራሴን ታዘብኩት። የሻዩን ሂሳብ ከፍላ ወጣች፣ እንድከፍልላት እንኳ አልፈቀደችልኝም።

ሄድኩ። ሦስት ሰዓት የነበረው መንገድ አምስት ሰዓት ፈጀብኝ፤ አሁን መንገድ ተጠርጎለት ለግማሹ መኪና አለ፣ እኔ ግን በእግሬ መሄዱን መረጥኩ። ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ በደጀ ሰላሙ ተቀምጦ ጠበል ጠዲቅ ሲቀምስ ቄሱ «እንግዳ የሚናገረው አለው» አሉ። ቆሜ ተናገርኩ። ዩሪያውን፣ ማክሰኞውን፣ ሬዲዮውን። «በበዓሉም ቀን ያሠራኋቸው እኔ ነኝ፣ ቅጠሉን ያጠቆረው ነጩ ማዳበሪያ ነው፣ የበተንኩትም እኔ ነኝ» አልኩ። አንዳንዱ ሽማግሌ አንገቱን ደፋ። አንዱ «እኔም የዚያን ዓመት ጉድጓድ ቆፍሬያለሁ፣ ልጄ» አለኝ። ጥሩ ከሴቶቹ መሀል ቆማ ነበር፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ።

እማ ስንዱ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠው ነበር። ዓይናቸው ደክሟል፣ ከድምፄ ነው ያወቁኝ። ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ልስም ስል እጄን ያዙ። እንደ ድሮው በአገውኛ አልተናገሩም፤ እንድሰማቸው ፈልገዋል። «እኔ ሰማሁ። እነዚህም ሰሙ። የተጎዳበት ግን እሱ ነው። ሂድና ለእሱ ንገረው» አሉኝ።

ጥሩ ክንዴን ይዛ ወደ መቃብሩ ወሰደችኝ። ከአጥሩ ጥግ የድንጋይ ክምር ነው፣ ሌላ ምልክት የለውም። ሰዉ ተከትሎን መጥቶ ከኋላ ቆመ። ጉልበቴ እምቢ እያለኝ ተንበረከክሁ። «አያ ወልዴ» አልኩ፤ «በእርስዎ የወረደ ቁጣ የለም። ሁሉም የእኔ ነው። እርስዎ ያልሠሩትን ነው የከፈሉት።» ድምፄ ተቆራረጠብኝ፣ መጨረሻውን ራሴም አልሰማሁት።

«ጮክ በል» አሉኝ እማ ስንዱ ከኋላዬ፣ በሰው ተደግፈው መጥተው ነበር። «እሱ ወደ መጨረሻው ጆሮው ይከብደው ነበር።»

ጉሮሮዬን ጠርጌ ከመጀመሪያው ጀምሬ እንደገና ነገርኳቸው።